የሆድ ሠፋሪዎች

ካሌብ የተወለደው ነሐሴ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን ያየችው እናቱ ውባንች አይደለችም፤ እሷ ሸሕዲ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ከወገቧ በታች ደንዝዛ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ያዩት አማቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ናቸው። በሩ ላይ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ሳለ የሕፃን ድምፅ ሰሙ፤ ቀና ብለው የኮሪደሩን ሰዓት አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ሲናገሩት ኖሩ።

«ሦስት ተሩብ» ይላሉ ባልለቀቃቸው የወሎ አነጋገር። «የነገሥታት ሰዓት ነው።»

ለምን የነገሥታት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ምጡ ረዝሞ ስለነበር ሕፃኑ ሽርት ውሃ ጠጥቶ ነው የወጣው። በማግስቱ ትኩሳት ያዘው፤ ደረቱ እንደ ወፍ ጫጩት ይርገበገብ ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ በደም ሥሩ መድኃኒት ሲገባለት ሰነበተና ዳነ። ሊወጡ የተሰናዱ ዕለት ሲስተር እስከዳር የምትባለው ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወጣት ናት፤ ስትናገር ሰው የምታጣድፍ ዓይነት አይደለችም።

«መድኃኒቱ ነፍሱን አትርፎታል፤ ያለሱ አይሆንም ነበር» አለች። «ግን መድኃኒት መጥፎውን ተሕዋስ ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ጥሩውንም ይጠርጋል። ሕፃን ሲወለድ ሆዱ ባዶ ቤት ነው። በምጥ ሲወጣ ከእናቱ ማህፀን መንገድ፣ ቀጥሎ ከገላዋና ከጡቷ ደግ ደግ ባክቴሪያዎችን ይቀበላል። ይሄ ልጅ በዚያ መንገድ አልወጣም። ያገኛትንም ትንሽ መድኃኒቱ ወስዶበታል።»

«ባክቴሪያ በሽታ አይደለም እንዴ?» አለች ውባንች።

«በሽታ የሚሆን አለ። ምግብ የሚያላምጥልን፣ ሰውነታችን ስኳሩንና ስቡን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የሚያለማምድም አለ። ልምምዱ ደግሞ የሚበረታው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያን ጊዜ የተዛባበት ልጅ ካደገ በኋላ ውፍረትም፣ የስኳር በሽታም ቶሎ ሊያገኘው እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። የግድ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን መጠንቀቅ እንችላለን።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ እስከዚህ ድረስ የሕፃኑን ጨርቅ ሲያጥፉ ነበር።

«ሠፋሪ ናቸዋ!» አሉ ድንገት።

«ምን አሉ እማማ?»

«ሠፋሪ። እኛ በሰባ ሰባት ተወሎ ተጭነን ስንመጣ፣ ቀድሞ ተመኪና የወረደው የኾሩን ዳር ያዘ። ዘግይቶ የመጣው ድንጋዩን አገኘ። ዛሬም ድረስ ኾሩ የእነዚያ ነው።» ኾር በዚያ አገር ክረምት የሚሞላ በጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ ቃሉን ከሱዳን ሰዎች ነው የለመዱት።

እስከዳር ሳቀች። «እንደሱ ነው እማማ። ደጎቹ ቀድመው ከያዙ ክፉዎቹ ቦታ ያጣሉ። የደጎቹ ቀለብ ደግሞ የእናት ጡት ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃም ቢሆን አይቅመስ። ቅቤ የለም፣ ስኳር በውሃ የለም፣ የዱቄት ወተት የለም። ቢያመው ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከሱቅ ካፕሱል ገዝቶ መስጠት የለም።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ያጠፉትን ጨርቅ እንደገና ዘረጉት። «እኔ በስልሳ አምስት ነው የተወለድሁ» አሉ። «ያ ክፉ ቀን። እናቴ ጡቷ ደርቆ ነበር። መንገድ ዳር መጠለያ ውስጥ በእርዳታ ዱቄትና በስኳር ውሃ ነው ያቆዩኝ። ይሄው እንደምታይኝ ሥጋም የለኝ፤ ስኳር ግን አለብኝ። ታዲያ ተዚያ ነው?»

ነርሷ ወደ እሳቸው ዞረች። «እማማ፣ ያን እርግጡን የሚነግርዎ ሰው የለም። ረሃቡም አለ፣ ዘርም አለ፣ ዕድሜም አለ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«እሺ» አሉ። ጨርቁን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፉት። በሚኒባሱ ወደ ቤት ሲመለሱ ሕፃኑን ታቅፈው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩና፣ ውባንችን ሳያዩ «እስከ ስድስት ወር» አሉ።

ቤታቸው ኮኪት አጠገብ ነው፣ ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር። ውባንች የዚያ አገር ልጅ አይደለችም። ከጎጃም ለአረም ሥራ ከመጡ ልጆች ጋር ወርዳ፣ ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ልጅ ከአንዱአምላክ ጋር ተዋውቃ በዚያው ቀረች። እናቷን ያጣችው በልጅነቷ ነው። አማቷን «እማ» ማለት የጀመረችው ሠርጓ ሳይደርስ ነበር፤ አፏ ላይ እንዴት እንደመጣላት ራሷም አታውቀውም።

አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶች እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር፤ አንዷ በጣቷ ጫፍ ዛቅ አድርጋ ሕፃኑን ልታውጠው ስትጠጋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ እጇን በአየር ላይ ያዟት።

«ለእናቱ ስጫት። ልጁ ጾም ላይ ነው።»

«የምን ጾም?»

«የስድስት ወር።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ግማሹ ቅያሜ ነበር። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግድ አልሰጣቸውም። ልጁ ጠብቶ ባገሳ ቁጥር ሆዱን በመዳፋቸው እያሹ «ሠፋሪዎቹ ጠገቡ? ጎጆ ቀለሱ?» ይሉታል። ውባንች መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ቆይታ ራሷም ትጠይቀው ጀመር።

መስከረም አልፎ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ካሌብ ተባለ። ሰሊጡም ደረሰ።

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የፍሬው ቅርፊት አፉን ሊከፍት ሲል ካልታጨደ፣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል፤ አንድ አንዱን የሚለቅመው ጉንዳን ብቻ ነው። በሌላው ዓመት ሳሉግ የሚባሉት የደጋ ሠራተኞች በየመኪናው ይጎርፉ ነበር። በዚያ ዓመት መንገዱ ስላልታመነ የመጡት ጥቂት ናቸው። አንዱአምላክ ሸሕዲ የሠራተኛ ገበያ ላይ ሁለት ቀን ውሎ አራት ሰው ብቻ ይዞ ተመለሰ። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«እኔ እገባለሁ» አለች ውባንች።

«ቁስልሽስ?»

«ድኗል። ማጭድ የሚይዘው እጄ ነው፣ ሆዴ አይደለም።»

ችግሩ ልጁ ነበር። እርሻው ከቤት ሩቅ ነው፤ ጥቁር መሬት፣ ዛፍ የሌለበት። ጥላ ቢባል በአራት እንጨት የተወጠረች ሸራ ናት፤ ከሥሯ ሲቀመጡ ከውጭው ይብሳል። አምና የአንዲት ሠራተኛ ሕፃን እዚያ ሙቀት መትቶት በስንት መከራ ነው የተረፈው።

መፍትሔ ይዛ የመጣችው ረፊቃ ናት። ረፊቃ መንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው ናት፤ ከሱዳን ድንበር ማዶ፣ ከገላባት በኩል የሚመጣ ሸቀጥ ትሸጣለች፤ ሳሙና፣ ሽቶ፣ የዱቄት ወተት፣ ፕላስቲክ ጫማ፤ ለራስ ምታትና ለሆድ ደግሞ ቀይና ቢጫ ካፕሱል። ትልቅ የወተት ቆርቆሮ አምጥታ መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄው። አንቺ እርሻ፣ እሱ ቤት። ኸላስ፣ አለቀ!»

«አይሆንም ረፊቃ» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«ለምን አይሆንም? የእኔዎቹ ሁሉ በዚህ ነው ያደጉ። የመጀመሪያውን አላዩትም እንዴ፣ በበር እኮ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ።»

«ያንቺን ልጆች እግዜር ያሳድግልሽ። የእኔ ግን ሆዱ ገና ሠፈራ ላይ ነው። ባዕድ ተገባ መሬቱን ይቀማቸዋል።»

ረፊቃ ወደ ውባንች ዞረች። «ምን ሆነዋል እማማ? ስኳሩ ወጣባቸው እንዴ?»

«ሲስተር የነገረቻቸው ነው።»

«አይ ሲስተር! ሲስተሯ ትምጣና ሰሊጡን ትጨድልዎታ!» ቆርቆሮዋን አንሥታ ወጣች። ከበሩ ተመልሳ ግን አንድ ሳሙና መደቡ ላይ ጣል አደረገች። «ለልጁ ጨርቅ ነው። ማሌሽ እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ አልተጣላንም።»

ያን ምሽት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነገሩን ጨረሱት። በቤቱና በእርሻው መካከል፣ ከኾሩ ዳር፣ ጥላዋ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ትልቅ የሑመር ዛፍ አለች። ልጁን እስከዚያ እሳቸው ያመጡታል፤ ውባንች ከእርሻው እስከዚያ ትመጣለች፤ ጠብቶ ይመለሳል። ረፋድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ።

«እማ፣ አንቱ በሽተኛ ነዎት» አለች ውባንች። «በዚህ ፀሐይ?»

«ፀሐዩን የምሸከመው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለ። በነጠላ እሸፍነዋለሁ።»

«መንገዱስ? መሬቱ ይፈጃል።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሳቁ። «እግሬን ታውቂው የለም እንዴ?»

እግራቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ቆላ ቀትር ላይ ባዶ እግር የማያስረግጥ ነው፤ ፕላስቲክ ጫማ እንኳ ከሥር ይለሰልሳል። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ጫማቸው ቢወልቅ እንኳ ሳያስተውሉ በጋለ አሸዋ ላይ ይሄዳሉ። ሰው ይገረማል። «በረሃው ለመዳቸው» ይላሉ ጎረቤቶች፣ በአድናቆት። አጫጆቹም ሲያዩዋቸው ይቀልዳሉ፤ «እማማ፣ ይሄን የእግር ቆዳ ከየት ነው ያስመጡት?» «ተወሎ ነው፤ እዚህ አይገኝም» ይላሉ እሳቸውም። ውባንችም ትኮራባቸው ነበር። እግር መሬቱን ሳይሰማ ሲቀር የስኳር በሽታው ነርቭ ላይ ደርሷል ማለት እንደሆነ ከመካከላቸው አንድም አልጠረጠረም። በዚያ አገር እግሩ የማይቃጠል ሰው ዕድለኛ ነው።

እንዲህ ሆኖ አጨዳው ተጀመረ። ረፋድ ላይ ውባንች ወገቧን ቀና ስታደርግ፣ ከታጨደው የጎረቤት እርሻ ማዶ ነጭ ነጠላ ትታያለች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በመኪናው መንገድ አይመጡም፤ መንገዱ ዙሪያ ነው፣ አቧራም አለው። በታጨደው ሰሊጥ መካከል አቋርጠው ነው የሚመጡት። ነጠላዋን ስታይ የውባንች ጡት ቀድሞ ይፈሳል። ማጭዷን ነዶው ላይ ትሰካና ትሮጣለች።

ሑመሯ ሥር ሦስቱም ይቀመጣሉ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ባመጡት ውሃ የውባንችን እጅ ያስታጥቧታል፤ ጡቷንም በእርጥብ ጨርቅ ያብሱላታል፤ ልጁን ያቀብሏታል፤ ከዚያ በነጠላቸው እያራገቡ ሲውጥ የሚሰማውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

«ስሚ፣ ስሚ» ይላሉ። «እንደ ውሃ ሞተር ነው የሚስበው።»

አንድ ቀን ውባንች እያጠባች እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ራሷ በአማቷ ትከሻ ላይ ነው፤ እሳቸው ግን እንዳይቀሰቅሷት ብለው አልተንቀሳቀሱም፤ ልጁን ከሥር በአንድ እጃቸው ደግፈው ይዘውታል። ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ውሃ አይጠጡም እንዴ እማ?»

«ላንቺ ነው ያመጣሁት። ወተት ተውሃ ነው የሚሠራ።»

ጠርሙሱን አንሥታ አፋቸው ላይ ያዘችላቸው። ግማሹን ጠጡና አፏን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «አሁን አንቺ» አሉ። ውባንች ጠጣች። እንዲህ አድርጎ ያጠጣት ሰው ስለመኖሩ ከዚያ በፊት ትዝ አይላትም።

ጥቅምት ሲጋመስ ካሌብ ትኩሳት ያዘው፤ ተቅማጥም ተከተለ። ረፊቃ ቀይና ቢጫውን ካፕሱል በጥሳ በማንኪያ በጥብጣ ይዛ ደረሰች። ሴትዮዋ ክፋት የላትም፤ የሰው ልጅ ሲታመም ቁጭ ብላ ማየት አትችልም። ውባንች ከእርሻ እንደመጣች ማንኪያውን አየችው፤ የልጇን ለቅሶ ሰማች፤ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በሁለቱ መካከል ገቡ።

«ተሐኪም ቢታዘዝ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ» አሉ። «ሳይታዘዝ ግን አይሆንም። ያቋቋምነውን መንደር በአንድ ማንኪያ ታቃጥይዋለሽ።» በዚያው ሰዓት ባጃጅ አስቁመው ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ የለበትም። ጤና መኮንኑ ደረቱን አዳምጦ፣ ጉንፋን ነው፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ካልተሻለው በማግስቱ አምጡት አላቸው። በማግስቱ ተሻለው። ረፊቃ መጥታ አየችውና «ሠፋሪዎችዎ ጠንካሮች ናቸው» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወተት አምጥታ አታውቅም።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ምሽት ሲሆን ምራት የአማቷን እግር ታጥባለች። ስኳር ክትትል ላይ «ውስጥ እግርዎን በየቀኑ ይዩ» ተብለዋል፤ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጎንበስ ማለትም ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ማንም እንዲህ ነው ብሎ ሳያስበው እግራቸውን የምታየው ውባንች ነበረች። አጨዳው ከተጀመረ በኋላ ግን ወይዘሮ የዓለምወርቅ እምቢ አሉ። ገና ማስታጠቢያውን ስታነሣ እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ይሰበስባሉ።

«ሙሉ ቀን ስትታጠፊ ውለሽ ደግሞ ለእኔ እግር ትታጠፊያለሽ? ተኚ። እኔው እለቀለቀዋለሁ።»

«እማ፣ ይሄማ ነውር ነው።»

«ነውሩ ለእኔ ይሁን። ሰሊጡ ሲገባ ታጥቢዋለሽ።»

እሷም ደክሟት ነበርና ተኛች።

ነዶው ሁሉ ታስሮ፣ ቆሞ ሲደርቅ ሰንብቶ፣ ሸራ ላይ ተገልብጦ ተራገፈ። ሰሊጡ የገባ ዕለት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ውባንች ውሃ ለብ አድርጋ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በደስታ ነበር እግራቸውን የዘረጉት። ቀኝ እግራቸውን ታጥባ ጨረሰች። ግራውን ስታነሣው ሸተታት።

ሰሊጥ በማጭድ ሲታጨድ መሬቱ ላይ የሚቀረው ቀሪት በሰያፍ ተቆርጦ እንደ ሚስማር ይቆማል። አጫጆች የሚፈሩት እባብ ሳይሆን እሱን ነው። ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ውስጥ እግር፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ አንድ የጣት አንጓ የሚያህል የሰሊጥ ቀሪት ፕላስቲክ ጫማቸውን በስቶ ገብቶ እዚያው ተሰብሮ ቀርቷል። ዙሪያው ጠቁሯል። ጥቁረቱ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚወጣ መስመር አለው።

«እማ... ይሄ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«አያምዎትም?»

«ምኑ ነው የሚያመኝ?» አሉ፤ ጎንበስ ብለው ለማየት እየሞከሩ፣ ፊታቸው ላይ ገና ፈገግታ እንዳለ።

በማግስቱ አንዱአምላክ ጎንደር ሆስፒታል አደረሳቸው። ውባንችም ልጇን አዝላ ተከተለች። «አትምጪ፣ መንገድ ልጁን ያጎሳቁለዋል» ቢሏት አልሰማቻቸውም። ሕፃን ወደ መኝታ ክፍሉ ስለማይገባ፣ አንዱአምላክ ከውስጥ፣ እሷ ከግቢው ዛፍ ሥር ሆኑ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ጣታቸውን፣ ቀጥሎ ከጉልበታቸው በታች ያለውን ቆረጡ። ሐኪሙ በሽታው ነርቫቸውን ካደነዘዘው መቆየቱን ለአንዱአምላክ ነገረው፤ እሱም ግቢው ድረስ ወርዶ ለውባንች ነገራት። «ያ ሁሉ ስንኮራበት የነበረው እግር በሽታ ኖሯል» አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር አወጧቸው። ከስተው አንድ እፍኝ ሆነዋል። ካሌብን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጉንጩ ሞልቷል፣ ክንዱ ላይ እንደ ክር የታሰረ የሚመስል እጥፋት አውጥቷል። ቀና ብሎ አያቸውና ድድ ብቻ በሆነ አፉ ሳቀላቸው።

«እይ!» አሉ ለአንዱአምላክ። «እይ የእግሩን ውፍረት። የእኔን በዚህ ለወጥሁት። አልተሸወድሁም።»

ውባንች መሬት ላይ ተንበረከከች። «እማ፣ እግርዎን እንደ ድሮው ባጥበው ኖሮ ቀድሜ አየው ነበር።»

«ብታዪው ታስቀሪኝ ነበር። ብታስቀሪኝ ምን ይጠጣ ነበር?»

«የረፊቃን ወተት ይጠጣ ነበር፣ ምን ይሆናል! አንቱ ይሻሉኝ ነበር!»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ልጁ የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ያኝካል። «እኔኮ የእናት ጡት ምን ምን እንደሚል አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ስኳሬ ተዚያ ይሁን አይሁን፣ ሲስተሯም አላወቀችው፣ እኔም አላውቀው። ግን ሑመሯ ሥር ሲውጥ ስሰማው፣ እኔም የጠጣሁ ይመስለኝ ነበር። በቃኝ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸው ጠነከረ፤ እንደ ድሮው ትእዛዝ ሆነ።

«አሁን ስሚኝ። ስሞት ደረትሽን አትምቺ።»

«እማ!»

«አትምቺ ብያለሁ። ደረትሽ ያንቺ አይደለም፣ የእሱ ነው። ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ፊትሽንም አትንጪ፤ ያይሻል፣ ይደነግጣል። አልቅሺ፣ እንባ ግዴለም። ብዙ ውሃ ጠጪበት።»

የቁስሉ መርዝ ወደ ደማቸው ገብቶ ኅዳር ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ኮኪት ተመልሶ ተቀበረ።

በዚያ አገር ለቅሶ ላይ ሴት ደረቷን ትመታለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትዘላለች። እንደ እናት ለሆነች አማት ደግሞ ደረቷን የማትመታ ምራት ታይታ አታውቅም። ውባንች ካሌብን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ አቅፋ ድንኳኑ መካከል ቆመች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ የልጁን ራስ ያርሰዋል፤ እጆቿ ግን ከልጁ አልተላቀቁም። ሰውነቷ ሁሉ ሊመታ ይፈልግ ነበር፤ መዳፎቿ እንደ እሳት ያቃጥሏት ነበር። ልጁን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው። ካሌብ ጡቷን በልብሷ ላይ እየፈለገ ሲነጫነጭ ቁጭ ብላ በለቅሶው መካከል አጠባችው።

«እይዋት» አለች ከኋላ አንዷ፣ እንድትሰማ አድርጋ። «ያን ሁሉ ተሸክመውላት፣ አንዴ እንኳ ደረቷን አልነካችም።»

«ባዕድ ምን ይሁን ብለሽ ነው» አለች ሌላዋ።

 የመለሰችው ረፊቃ ናት። የሱዳን ሴቶች በሚጎናጸፉት ጥቁር ቶብ ተሸፍና ከሴቶቹ ጀርባ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሣች።

«እማማ ናቸው የከለከሏት» አለች። «አንዱአምላክ ነግሮኛል። ደረትሽ የልጁ ነው ብለዋታል። ለሟች መታዘዝ ነውር ከሆነ ንገሩኝ፣ እኔም ልወቀው።»

ከዚያ አንዲት አሮጊት «እንዲያ ካሉማ ቃል ነው» አሉ፤ ሴቶቹም ለቅሷቸውን ቀጠሉ። ያቺ መጀመሪያ የተናገረችው ሴት ቆይታ መጥታ ውባንች አጠገብ ተቀመጠችና ልጁን ከፀሐይ በነጠላዋ ጋረደችው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ግን ወተቱ ቀነሰ። ኀዘን ትእዛዝ አይሰማም። ካሌብ ይስባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። ውባንች እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት። አንዱአምላክ ሌላ መላ ሲያጣ ወደ ረፊቃ ሱቅ ሄዶ የወተቱን ቆርቆሮ ጠየቃት።

«አልሸጥልህም» አለችው።

በምትኩ ራሷ መጣች። አብሽ በማር በጥብጣ ነበር። ውባንች አጠገብ መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ብርጭቆውን አፏ ላይ ያዘችላት፤ ጠጥታ እስክትጨርስ አላወረደችውም። ልጁን ከልብሱ አውጥታ ባዶ ገላውን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ አስተኛችው፤ ሁለቱንም አለበሰቻቸው።

«ዝም ብሎ ይተኛ» አለች። «አይስብ፣ አይሥራ። አንቺም አትሥሪ። ስለ እማማ አውሪኝ።»

ውባንች ማውራት ጀመረች። ስለ ሦስት ከሩቡ፣ ስለ ሠፋሪዎቹ፣ ስለ ነጭ ነጠላዋ፣ በታጨደው ሰሊጥ መካከል እንዴት ሆና ትታይ እንደነበር። ረፊቃ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እንዲህ እያሉ፣ ልጁም ባለችው ትንሽ ወተት እየቆየ፣ ቀናት ሰነበቱ፤ ረፊቃ ሱቋን እየዘጋች ትመጣለች፣ አብሹ ይጠጣል፣ ወሬው ይቀጥላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ውባንች ስለ ሑመሯ ጥላ እያወራች ሳለ ደረቷ ላይ ሙቀት ተሰማት፤ ልብሷ ረጠበ። ካሌብ አፉን ከፍቶ ያዘው።

ካሌብ ስድስት ወሩን የደፈነው የካቲት ውስጥ ነው። እስከዚያ ቀን ከእናቱ ጡት ሌላ አልቀመሰም። በማግስቱ ውባንች የማሽላ ገንፎ አቅጥና ሠርታ ሰጠችው፤ ሁለት ማንኪያ በልቶ ሦስተኛውን ተፋው። ሆዱን እንደ አያቱ በመዳፏ እያሸች «ሠፋሪዎቹ ጠገቡ?» አለችው።